አራት መስመር የት ገባ?

እኛ አገር ሰው ይጠረጥራል። ይህን ስል ማማቴ አይደለም፤ እኔም ከጠርጣሪዎቹ ወገን ነኝ። ደብረ ብርሃን ተወልጄ፣ አንኮበር አድጌ፣ ተመልሼ ደብረ ብርሃን ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝና አውቀዋለሁ፤ «ደህና አደርክ?» ሲባል በልቡ «ምን ፈልጎ ነው?» ሳይል «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል ሰው ብዙም አላጋጠመኝም። ሻጭ «ርካሽ ነው» ካለን ዕቃውን ገልብጠን እናያለን። «ውድ ነው» ካለን ደግሞ ለሌላው በስንት እንደሸጠው ጎረቤቱን እንጠይቃለን። ሐኪም «ምንም የለብህም» ካለን ሌላ ሐኪም ጋ እንሄዳለን። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት ማን እንዳወጣው ባይታወቅም፣ የእኛ አካባቢ ሰው ለመሆኑ ግን እኔ እጠረጥራለሁ። እርስዎም አንባቢዬ እዚህ ድረስ ሲያነቡ «ይኼ ሰውዬ ወዴት ሊወስደኝ ነው?» ሳይሉ አልቀሩም። ደግ አደረጉ።

ሥራዬ መጻፍ ነው። ደራሲ እንዳልመስልዎት፤ ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ካሉት ጠባብ ክፍሎች በአንዷ ተቀምጬ አቤቱታ፣ ውል፣ ኑዛዜና ስምምነት ስጽፍ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። በታይፕ ዘመን ጥርጣሬው ቀለል ያለ ነበር። ወረቀቱ በደንበኛው ፊት ከፍ ከፍ እያለ ይወጣል፣ ፊደሉ ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማል፣ ያልተነገረኝን አንድ ቃል ብመታ እንኳ ባለጉዳዩ «አሁን የመታኸው ምንድን ነው?» ይለኛል። ኮምፒውተር የመጣ ዕለት ግን ጉዳችን ፈላ። ደንበኛው የሚያየው የስክሪኑን ጀርባ ነው፤ ጀርባውን ሲያይ ደግሞ የሚያስበውን ያስባል። አንድ ሽማግሌ ስክሪኑን ወደሳቸው እንዳዞረው አዘዙኝና አዞርኩት። አተኩረው አዩና «ከዚህስ ኋላ ምን አለ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። በኮምፒውተር ላይ አንዱ መስኮት በሌላው ላይ ይነጠፋል፤ ከላይ የሚታየው ውል ሲሆን ከሥሩ የሌላ ሰው ክስ፣ ከሱም ሥር የኔ የሎተሪ ቁጥር ሊኖር ይችላል። ይህን ለዩኒቨርሲቲ መምህር ለሆነ አንድ ደንበኛዬ ባጫውተው ሳቀና «መድኃኒት አለው ጋሼ» አለኝ። መስኮቶችን በራሱ የሚደለድል ፕሮግራም አለ፤ እዚያ ላይ አንዱ ሌላውን አይሸፍንም። አንድ መስኮት ብቻ ሲከፈት ስክሪኑን ሙሉ ይይዛል። ሁለተኛው ሲመጣ እኩል ይካፈላሉ፤ ሦስተኛው ሲመጣ ደግሞ ከአንዱ ተቆርጦ ይሰጠዋል። ልክ እንደ ወራሾች ድልድል በሉት። ከኋላ የሚደበቅ ነገር የለም፤ ያለው ሁሉ ፊት ለፊት ነው። መምህሩ ጫነልኝና ሄደ፤ እኔም ለሁለት ሳምንት ያህል ፕሮግራሙን እንደ እንግዳ ከብት ከሩቅ ሳየው ከረምኩ።

ከዚያ ድፍረቱን ሳገኝ፣ ለደንበኞቼ ፊታቸውን ወደነሱ ያዞሩ ሁለት ስክሪኖች ጨመርኩ። አንዱ ሥራ ካቆመ ኢንተርኔት ቤት የተገዛ አሮጌና ጠባብ ነው፤ ሌላው ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ የወጣ ሰፊ። መልካቸው አይገናኝም፤ እስከሠሩ ድረስ ምን ቸገረኝ ብዬ ሰካኋቸው። የዚህ ፕሮግራም ጠባይ ታዲያ ልዩ ነው። በማውስ እየነካካህ አስተካክለኝ አይልም፤ ሁሉንም በጽሑፍ ይፈልጋል። ጠባቡ በስተግራ፣ ሰፊው በስተቀኝ መሆኑን ፋይል ውስጥ ጽፌ ማስረዳት ነበረብኝ። ዕድሜዬን ሙሉ «በምሥራቅ የእገሌ ማሳ፣ በምዕራብ ወንዝ» ስል ለኖርኩት ለእኔ ይህ ምን ያቅተኛል? ጻፍኩት። ስጽፈው ግን ስክሪኖቹ ወደ ደንበኛው የዞሩ መሆናቸውን ረሳሁና የሱን ግራ በኔ ግራ ሰየምኩት። ሙሉ ቀን የማውሱን ቀስት ወደ ቀኝ ስገፋው በግራ ብቅ እያለ አሳበደኝ። ስንት ዘመን የሌላውን ወሰን ሳስከብር ኖሬ የራሴን ወሰን ማቅናት ሲያቅተኝ አየሁት። በማግስቱ አስተካከልኩት፤ ከዚያ ወዲህ «ግልጽ ጸሐፊ» የሚል ስም ወጣልኝ። ስሙን እኔም ወደድኩት።

እትዬ ዘነበች የመጡት በጥቅምት አንድ ማለዳ ነው፤ ብርዱ ጣት በሚያደነዝዝበት ሰሞን። የመዘዞ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው አግብተው ወለጋ ሄደው፣ አርሰው፣ ወልደው፣ ባላቸውን እዚያው ቀብረው፣ በስተርጅና ተፈናቅለው ተመለሱና ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ሸራ ሥር ሦስት ክረምት አሳለፉ። መዘዞ ላይ የአባታቸውን መሬት የያዘው ታናሽ ወንድማቸው ሽፈራው ነው። እትዬ የሚፈልጉት አንድ ጥማድ ማሳና ቤት መሥሪያ ብቻ ነበር፤ እሳቸው እንደሚሉት፣ ከሸራው ወጥተው ጣሪያ ሥር ለመሞት። ሽፈራው ስድስት ልጆች አሉት፤ መሬቱም እንደ ድሮው አይደለም። ሽማግሌ እየተመላለሰ ለመነው፣ ገዘተው፤ በመጨረሻ እሺ አለ።

የቀረው መጻፍ ነው። መዘዞ ጸሐፊ ጠፍቶ እዚህ ድረስ የመጡ እንዳይመስልዎት። እትዬ «የዚያ ጸሐፊ የሱ ማኅበርተኛ ነው» ብለው እምቢ አሉ። ሽፈራው ደግሞ ደብረ ብርሃን ያለ ጸሐፊ ሁሉ የእኅቱ ወዳጅ መሰለው፤ ለካ ከአንድ ቀን በፊት መጥቶ፣ እኔ ከማን ጋር ሻይ እንደምጠጣ ሲያጣራ ውሏል። ሁለት ሽማግሌዎች አብረዋቸው ነበሩ፤ አንዱ የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሱ አንባቢ፣ ሌላው ዝምተኛ።

እትዬን በጠባቡ ስክሪን ፊት፣ ሽፈራውን በሰፊው ፊት አስቀመጥኩ። ስምምነቱን በራሴ ስክሪን እየጻፍኩ በሁለቱም ላይ እኩል እንዲታይ አደረግኩ። ልቤን እንዴት ደስ እንዳለው አልደብቅም። ጽፌ ስጨርስ ወረቀት ለመግዛት ወጣ ብዬ ተመለስኩና፣ እንደ ልማዴ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ልማዴ ደግሞ ምን መሰልዎት፣ ስሙንና ወሰኑን ቀስ ብዬ፣ መጨረሻውን ግን በሩጫ ነው፤ የውል ጅራት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነውና ማንም አያዳምጠውም። ላትም እጄን ስሰድ እትዬ «ቆይ» አሉ።

የነጠላቸውን ዘርፍ በግራ እጃቸው ይዘው፣ ስክሪኑን ከላይ ወደ ታች እያዩ፣ ለእያንዳንዱ መስመር አንድ አንድ ክር ይለዩ ጀመር። ምን እያደረጉ እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ አባታቸው ፊደል የማያውቁ ሰው እንደነበሩ ነገሩኝ። ፊደል ባያውቁም ወረቀት ተጽፎ ሲሰጣቸው መስመሩን ቆጥረው ይይዙ ነበር፤ በኋላ ሌላ ቦታ ሲቀርብ ደግመው ይቆጥሩታል፤ ከጎደለ ወይም ከበለጠ ጣታቸውን አያኖሩም። እኅትና ወንድም ያደጉት በዚህ ነው። እትዬ ቆጥረው ጨረሱና በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ዞረው ወደ ሽፈራው ስክሪን ሄዱ፤ እዚያም ቆጠሩ። አራት ክር ተረፋቸው።

«የኔ ሃያ አንድ፣ የሱ አሥራ ሰባት» አሉኝ። «አራት መስመር የት ገባ?»

ሽፈራው በተራው ተነሥቶ የሳቸውን ስክሪን ቆጠረ። የሱ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ለእኅቱ አራት መስመር ምን ተጨምሮ ነው ባይ ነው። እሳቸው «ለሱ ተቀንሶለታል»፣ እሱ «ለእሷ ተጨምሮላታል» ብለው ተፋጠጡ፤ መካከላቸው ያለው ሌባ እኔ ነኝ።

አስረዳሁ። ጠባቡ ስክሪን ላይ ቃሉ ቶሎ ይታጠፋል፣ ሰፊው ላይ ዘግይቶ ይታጠፋል፤ ቃሉ ግን ያው ነው አልኩ። ውኃ በጠባብ ብርጭቆ ሲቀዳ ከፍ እንደሚል፣ በሰፊው ዝቅ እንደሚል፣ ውኃው ግን ያው እንደሆነ ነገርኳቸው። በምሳሌዬ ረክቼ ሳልጨርስ፣ ያ ዝምተኛው ሽማግሌ «ውኃ ላይ ማን ይፈርማል?» አሉ። የዚያን ቀን የተናገሩት ይህን ብቻ ነው፤ በቃኝ።

በቃል ካልሆነ በዓይን ላሳያቸው ብዬ አሰብኩ። ሰፊው ስክሪን ላይ ባዶ መስኮት ብከፍት ቦታውን ይካፈለዋል፤ ጽሑፉ ይጠብና መስመሩ ይበዛል፤ ያኔ ይገባቸዋል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው። ቁልፉን ስጫን ቀስቴ ያለው በእትዬ ስክሪን ላይ ኖሯል። ባዶው መስኮት እሳቸው ዘንድ ገባና ግማሹን ወሰደ፤ ጽሑፉ ተጨምቆ መስመሩ አርባ ምናምን ሆነ። ዓይናቸው እያየ ማለት ነው። ደንግጬ ለማስተካከል ሌላ ቁልፍ ነካሁ። እሱ ደግሞ ጽሑፉን ከነመስኮቱ ነቅሎ ወደሚቀጥለው ስክሪን የሚያሻግር ኖሯል። የእትዬ ስክሪን ባዶውን ቀረ። የሽፈራው ስክሪን ላይ ሁለት ስምምነት ጎን ለጎን ተደርድሮ ታየ።

እትዬ አልጮኹም። ባዶውን ስክሪን ጥቂት አዩት። «ይኸው መሬቴ ወደሱ ሄደ» አሉና ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ በሩ መራመድ ጀመሩ።

እትዬ ከዚያች በር ከወጡ ነገሩ እንደሚያበቃ እኔም ሽማግሌዎቹም እናውቃለን። ሽፈራው እሺ ያለው በስንት ልመና ነው፤ መዘዞ ተመልሶ የልጆቹን ፊት ካየ ሁለተኛ እሺ አይልም። ሴትዮዋ አራተኛውን ክረምት ከሸራ ሥር ሊያሳልፉ ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ የኔ አንድ ቁልፍ ነው። አንባቢው ሽማግሌ በር ላይ ደርሰው እጃቸውን ያዙ። ከእትዬ ስክሪን ላይ ራሳቸው እንደሚያነቡላቸው፣ ሽፈራውም ስምንተኛ ክፍል ድረስ የተማረ ነውና ከራሱ ስክሪን ላይ እንደሚያነብ፣ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እየተቀባበሉ ልዩነቱ የት እንዳለ እንደሚያገኙት ነገሯቸው። እትዬ ተመለሱ። ላቤን ጠርጌ ጽሑፉን ወደየቦታው መለስኩ።

ሽፈራው አንድ ያነባል፤ ሽማግሌው ያንኑ ከጠባቡ ላይ ይደግማሉ። ስም ተመሳሰለ። ወሰን ተመሳሰለ። አንድ ጥማዱ፣ ቤት መሥሪያው፣ ውኃ መውረጃው ሳይቀር ቃል በቃል ገጠመ። ትከሻዬ ቀለለኝ፤ «አላልኳችሁም?» ለማለት አፌን ሳሟሽ ቆየሁ። ወደ መጨረሻው ሲደርስ የሽፈራው ድምፅ ዝቅ አለ፤ ጉሮሮውን ጠረገና «ምስክሮች» የሚለውን አነበበ። ሽማግሌው ግን ገና ነበሩ። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው ቀስ ብለው አነበቡ፤ «እኔ ተቀባይ ከዚህ በኋላ በአባታችን ይዞታ ላይ ምንም ዓይነት ድርሻ የሌለኝና ጥያቄ የማላነሣ መሆኔን አረጋግጣለሁ።»

እትዬ «ማን ነው ድርሻ የሌለው?» ብለው ጠየቁ። ሽማግሌው «አንቺ ነሽ ዘነበች» አሏቸው።

ዞሬ የሽፈራውን ስክሪን አየሁ። ዓረፍተ ነገሩ እሱም ጋ አለ፤ ዘሎት ነው። ከላይ መሬት ሰጥቶ ከታች የሚነሣ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እትዬ ጣታቸውን ካኖሩበት፣ ነገ ክርክር ቢነሣ አንድ ጥማዱም ቤት መሥሪያውም በገዛ ቃላቸው ቀለጠ ማለት ነው። ደሜ ፈላ። ወረቀት ልገዛ ወጣ ባልኩበት ጊዜ ኪቦርዱን ነክቶት ይሆን ብዬ ሽፈራውን ከእግር እስከ ራሱ ገረመምኩት። ጣቶቹን እንኳ አየሁ፤ የገበሬ ጣት ነው፣ ያን የመሰለ የውል አማርኛ የሚመታ አይመስልም። እንዲያውም አማርኛው ያለጥርጥር የኔ ነው።

ያኔ ትዝ አለኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ሴት በመሬት ፋንታ በሬና ላም ተቀብላ ድርሻዋን ለወንድሟ ስትለቅ የጻፍኩት ስምምነት ነበር። አማርኛው ስላማረኝ «ውርስ» ብዬ አስቀመጥኩት፤ ከዚያ ወዲህ እኅትና ወንድም በመጣ ቁጥር እሱን እከፍትና ከላይ ስሙንና ወሰኑን እቀይራለሁ። ጅራቱን ግን ነክቼው አላውቅም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ፤ እኔም ስክሪን ሳዞር፣ ቀኝና ግራ ሳስተካክል፣ ከኋላ ምንም እንዳይደበቅ ስጠበብ፣ ነገሩ ፊት ለፊት ተጽፎ ተቀምጧል። አፈርኩ። ጥፋቱ የኔ መሆኑን፣ ከሌላ ሰው ውል የተረፈ ቃል መሆኑን ተናገርኩ።

እትዬ ወደ እኔ አልዞሩም። የሚያዩት ወንድማቸውን ነው። «አይተኸው ነበር?» አሉት።

ሽፈራው ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ። «አይቼዋለሁ እቴ። ጋሼ ሲያነቡትም ሰምቼዋለሁ» አለ። ጸሐፊው ከጻፈው እኔ ምን አገባኝ ብሎ ዝም እንዳለ፣ አሁን ግን በራሱ አፍ አንብበው ሲባል አፉ እምቢ እንዳለው ጨመረ። ላምነው ፈለግኩ፤ ግማሹን አመንኩት። ዘሎ ሊያመልጥ ነበር ወይስ አፍሮ ነው? እርስዎ የመሰለዎትን ይያዙ።

ዓረፍተ ነገሩን ነቅዬ በምትኩ ማሳውና ቦታው የእኅቱ መሆኑን፣ እሱም ልጆቹም እንደማይነኩባት የሚገልጽ አስገባሁ። ይህን ጊዜ ጅራቱን እንደ ወሰኑ ቀስ ብዬ አነበብኩ። ሦስት ቅጂ አተምኩ፤ እትዬ ሦስቱንም በክራቸው ቆጠሩ። እኩል መጣ። ጣታቸውን ቀለም ነክረው አኖሩ፤ ሽፈራው ፈረመ፤ ሽማግሌዎቹም ፈረሙ። ሲወጡ ሽፈራው የእኅቱን ዘንቢል ተሸክሞ ቀደመ፤ የመዘዞ መኪና ሳያመልጣቸው አብረው ሊሳፈሩ ነው። እኔ ከኃፍረቴም ከተንኮሌም አንድ ነገር ማለት አማረኝና፣ እንግዲህ ከሱ ጋር አጥር ለአጥር ሊኖሩ ነው፣ አይፈሩም ወይ ብዬ በሩ ላይ ጠየቅኳቸው።

«ሽፈራውን ስለማውቀው እጠረጥረዋለሁ» አሉኝ። «አንተን ነው ሳላውቅህ አምኜህ የነበረው።»

መሬታቸውን ይዘው ሄዱ። እኔ በሩን ዘጋሁና ኪቦርዱን ስቤ ሽፈራው ከተነሣበት ወንበር፣ ከሰፊው ስክሪን ፊት ተቀመጥኩ። ከዚያ «ውርስ»ን ከፍቼ ከጻፍኳቸው ውሎች ውስጥ አራቱን አወጣሁ። ፕሮግራሙ እንደ ጠባዩ ሰፊውን ስክሪን በአራት ከፈለና ሁሉንም ባንድ ጊዜ ፊቴ ደረደራቸው፤ አንዱን በአንዱ ሥር ልደብቀው ብል እንኳ አይሆንም። የአንዱን ጅራት ስጽፍ ራሳቸው ባለጉዳዮቹ አሰርዘውኛል። ሦስቱ ላይ አለ። ሦስት ሴቶች መሬት ተቀብለው፣ እዚያው ወረቀት ላይ ምንም ድርሻ የለኝም ብለው ጣታቸውን አኑረዋል፤ አንዷ አረርቲ፣ ሁለቱ ደነባ። እኔ ሳነብላቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰምተውኛል፤ አንዷ እንዲያውም መርቃኝ ነው የሄደችው።

በውሉ ግርጌ የተጻፈውን ስልክ አየሁና ከደነባዎቹ ለአንዷ ደወልኩ። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት። ከጥቂት ዓመታት በፊት የጻፍኩላት ወረቀት ላይ ስሕተት እንዳለ፣ ወንድሟንና ምስክሮቹን ይዛ ብትመጣ እንደማስተካክልላት፣ አንድ ሳንቲም እንደማልቀበላት አስረዳሁ።

«በነጻ?» አለችኝ።

«አዎ፣ በነጻ።»

ስልኩ ተዘጋ። ደግሜ ስደውል አይነሣም፤ በሦስተኛው ደግሞ ጨርሶ ጥሪ አይቀበልም አለኝ። እንግዲህ ሰኞ ደነባ መሄዴ ነው። ከደጃፏ ቆሜ «እኔ ሌባ አይደለሁም» ልላት ነው፤ ይህን ደግሞ ከሌባ በቀር ማን ይላል?